ይሉኝታ ያለው ዘንዶ

…ደግሞ ዞረ፣ ይኸው ዓይኗ እያየ ደግሞ ዞረ፣ ድልድዩ አፍ ላይ ጋሻዋን ቀስራ የቆመችው እሷ፣ ከሁሉ ፊት ያለችው እሷ፣ አንገቱን ቢያሰግግ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን፣ ዘንዶው ግን ሦስቱንም ራሱን በትከሻዋ ላይ አሳልፎ፣ ከኋላ ድንጋይ ተከልለው ቀስት የሚወረውሩትን ሽማግሌ ይነክሳል፣ የተራበ አውሬ ደጁ ላይ የቆመ ሥጋ ትቶ ጓሮ የተሸሸገ አጥንት ፍለጋ ሲሄድ የት ታይቷል፣ አልሸሹም ዞር አሉ ሲባል ለሰው ሰምታለች፣ ለዘንዶ ግን ዛሬ ገና ማየቷ ነው። ይሉኝታ ያለው ዘንዶ። ይቅርታ እመቤቴ፣ ላልፍ ነው የሚል ዘንዶ።

ዘንዶው ቡሽ ነው፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የጠርሙስ ቡሽ፣ ሦስት የክብሪት እንጨት ተሰክቶበታል፣ ድልድዩ ማስመሪያ ነው፣ እሷ ራሷ ከአሮጌ ካፖርት የተቆረጠች የናስ ቁልፍ ነች፣ በመስኮት የሚያያት ሰው ያበደች ይመስለው ይሆናል፣ ትልቅ ሴትዮ፣ ሆስፒታል ውስጥ አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎችን እንደገና መሬት የምታስረግጥ ባለሙያ፣ እሁድ ከሰዓት ዳቦ ቤት ጓዳ ውስጥ የዱቄት ጆንያ ተደግፋ በቡሽ ምክንያት ደሟ ሲፈላ። ይፍላ። ቡሽ ሆነም ዘንዶ ሆነም ሕግ ሕግ ነው፣ ጨዋታው እኮ ቀላል ነው፣ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ መንገዱን፣ መንደሩን፣ አውሬውን በአፉ ይፈጥራል፣ የቀሩት እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናሉ፣ እሷ ጋሻ ያዥ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ አስማተኛ፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር ቀስተኛ፣ ማን መታ ማን ሳተ የሚለውን ደግሞ በየገጹ ቁጥር የተጻፈበት ባለ ሃያ ገጽ ጠጠር፣ ዳይስ፣ ይናገራል፣ ከፍ ያለ ከወጣ መታ፣ ዝቅ ካለ ሳተ፣ እዚህ ውስጥ ዝምድና የለም፣ አማላጅ የለም፣ ዳይሱ ነው ዳኛው።

ዳይሱ ነበር ዳኛው።

አሁን ግን ማን እንደሚዳኝ ማወቅ ትፈልጋለች፣ ምክንያቱም ዳይሱ የሚወድቀው ከጫማ ካርቶን ከተቆረጠ መከለያ ጀርባ ነው፣ ከመከለያው ጀርባ የተቀመጠው የታሪኩ መሪ ደግሞ የቀድሞ ባሏ ነው። አዎ። ይሳቅ። የሥራ ባልደረቦቿ ሁሌ ይስቃሉ፣ እንዴት ነው ነገሩ፣ ፍርድ ቤት ቆማችሁ ተፋታችሁ፣ እሁድ እሁድ ግን አብራችሁ ዘንዶ ትገላላችሁ፣ እሷም ትመልሳለች፣ የፈታሁት ባሌን ነው እንጂ ጨዋታዬን አይደለም። ፍሪጁ ለእሷ ወጣ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያው ለእሱ፣ ይህ ጠረጴዛ ግን በመጋዝ አይቆረጥም፣ ዳቦ ጋጋሪዋ የእሱ ታላቅ እህት ናት፣ ፍቺው ከጸና በኋላም ምራቴ ማለቷን አልተወችም፣ ወረቀት ፈታሽ እንጂ እኔ መቼ ፈታሁሽ ትላለች፣ ሾፌሩ ጋሼ ደግሞ የማንም ወገን አይደሉም፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው የተሳፋሪ ጠብ ውስጥ አይገባም ባይ ናቸው።

ሒሳብ አስተማሪ ነው እሱ፣ ውጊያዎቹን በሳምንቱ አጋማሽ ተቀምጦ በካልኩሌተር ያመዛዝናል፣ ይህን ያህል ጥርስ፣ ይህን ያህል ጋሻ፣ ይህን ያህል የሕይወት ነጥብ፣ ነጥቡ ያለቀበት ሰው ሞተ ማለት ነው፣ ተጫዋቹም በሌላ ሰው እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ውጊያ እንደ ፈተና ነው ይል ነበር፣ ክፍሉ በሙሉ ካለፈ ፈተና አልተሰጠም፣ ክፍሉ በሙሉ ከወደቀም የወደቀው አስተማሪው ነው፣ እንዴት ያምር ነበር ያን ጊዜ ሲናገር፣ በዚህ አነጋገሩ ነው መሰለኝ ያገባችው፣ እንጃ፣ ሞኝ ነሽ አንቺ፣ ሰው በሚዛን ንግግር ተማርኮ ያገባል?

ቆይ። መቼ ነው የዞረው መጀመሪያ?

ረግረጉ ላይ ጭቃ ውስጥ የሚኖረው ያ ፍጡር፣ ሲዘል ስቶ በራሱ ጭቃ ተዘፈቀ፣ ሁሉም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። የሽፍታዎቹ አለቃ፣ ሰይፉን መዞ ፊቷ ሲደርስ እጀታው ላይ ቅባት ነበርና አመለጠው፣ ሳቁ። ከበረዶ የተሠራው ግዙፍ ሰው፣ ሊረግጣት እግሩን አንስቶ ድንገት አስነጠሰው። አስነጠሰው! በዚህ ሁሉ እጅ ለእጅ ውጊያ ውስጥ ቆዳዋ ላይ ጭረት የለም፣ ድሮ፣ አብረው በነበሩ ጊዜ፣ ከእያንዳንዱ እሁድ ግማሽ ሬሳ ሆና ነበር የምትወጣው፣ ጋሻ ያዥ መመታት ሥራዋ ነው፣ ለዚህ ነው ፊት የምትቆመው፣ እና ከፍቺው ወዲህ አንድም ቀን፣ አንድም ጥርስ። ታሪኩም አብሮ ነው የተለወጠው ለካ፣ ድሮ መንደር ይቃጠል ነበር፣ ሰው ይከዳ ነበር፣ አንዴ ንጉሡ ልጁን ሲሸጥ ሾፌሩ ጋሼ ተነስተው ደጅ ወጥተው ሲጋራ አጭሰው ነው የተመለሱት፣ አሁን ግን ሁሉ ነገር መሳቂያ ሆኗል፣ ግዙፍ ያስነጥሰዋል፣ ጭራቅ ያዳልጠዋል፣ ሞት ራሱ አፍሮ የቀረ ይመስላል።

እና እሷ ምን መሰላት? ጎበዝኩ መሰላት። አዎ፣ ራቁቱን ተናገሪው፣ ጎበዝኩ ብላ ነበር፣ ጉልበቱ ተቀዶ የተሰፋለትን አንድ አሿፊ ነጋዴ ሆስፒታል ውስጥ ስታለማምድ፣ ቁም፣ አልይዝህም፣ እግርህ ካልከበደው አይጠነክርም ስትለው፣ እሱም አንቺ ምን አለብሽ ሲላት፣ እኔም እኮ ትናንት ብቻዬን ግዙፍ ጥያለሁ ብላ ፎክራበታለች፣ ሰውየው ስቆ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ በውሸት ግዙፍ። ምጽዋት ነበር። ድል ሳይሆን ምጽዋት፣ እጇን ሳትዘረጋ መዳፏ ላይ ያስቀመጡላት።

ላይሆንም ይችላል ግን። ረጋ በይ። ዳይስ ነው፣ ዕድል ነው፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆን፣ ሰው ሳይያዝ ሌባ አይባልም፣ ማየት ነው፣ ዝም ብሎ ማየት።

ውሃ ልቅዳ ትላለች፣ ቧንቧው ከእሱ ጀርባ ነው፣ ማሰሮውን ትይዝና ትነሳለች፣ ማንም ቀና አይልም፣ አስማተኛዋ ዳቦ ጋጋሪ ጥፍሯ ውስጥ የደረቀ ሊጥ እየፈለፈለች ነው፣ ጋሼ የቀራቸውን ነጥብ በእርሳስ ይቀንሳሉ፣ ከንፈራቸው ሲቆጥር ይታያል፣ እሱ ደግሞ እንግዲህ ዘንዶው ወደ ጋሻ ያዧ ይዞራል ይላል፣ በዚያ የሚያምር ድምፁ፣ መካከለኛው ራስ አፉን ይከፍታል፣ ዳይሱን ይጥላል፣ ዳይሱ የካርቶኑን ግድግዳ መትቶ ይንከባለልና ይቆማል፣ እሷም ማሰሮውን ይዛ ከትከሻው በላይ ትቆማለች።

ሃያ።

ሃያ! ከሃያ ሃያ፣ ሙሉ ምት፣ በእጥፍ የሚቆጠር፣ ተጫዋች በዓመት ስንቴ የሚያየው ቁጥር፣ ቁልጭ ብሎ፣ ነጭ በጥቁር ላይ፣ እና እሱ፣ ያው ሰው፣ ዓይኑን ሳያሽ፣ ድምፁ ሳይሰበር፣ ስቷል ይላል፣ ጥርሱ ጋሻዋ ላይ ተንሸራተተ ይላል፣ እንዲያውም አንዱ ጥርሱ ሳይነቃነቅበት አልቀረም፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ትስቃለች፣ ጥርስ ሐኪም ይፈለግለት! ከዚያም ጣቱ፣ ያቺ ስትለብስ ቁልፍ ትቆልፍላት የነበረች ጣት፣ ቀስ ብላ ዳይሱን ትነካዋለች፣ ሃያው ሰባት ይሆናል።

ማሰሮው እጇ ላይ ይከብዳል፣ ገና ውሃ አልተሞላበትም።

ሃያ ነው ትላለች። ማን እንደተናገረ እስክታጣው ድረስ ቀጭን ድምፅ ነው፣ ደግማ ትለዋለች፣ ሃያ ነው የወጣው፣ እጇም መከለያውን ከመካከሉ ይዞ ያነሳዋል፣ የጫማው ካርቶን ላይ ቁጥር አርባ ሦስት ተጽፏል፣ የራሱ ጫማ፣ እና ከበስተጀርባው ዳይሶቹ፣ ወረቀቶቹ፣ የእርሳስ መቅረጫው፣ ሁሉም በአንዴ ዕርቃኑን ይቀራል፣ እሱም እንደዚያው።

አንቺ ደግሞ ይላል። ምን አንቺ ደግሞ? ተቀመጪና እንነጋገር። ቆሜ አልሰማም መሰለህ? ዳቦ ጋጋሪዋ ምራቴ በሞቴ፣ ጨዋታ እኮ ነው ትላለች፣ እትዬ አንቺ ዝም በይ፣ ወይም አይ፣ ዝም አትበይ፣ ታውቂ ነበር? ዳቦ ጋጋሪዋ ጥፍሯን ታያለች። ታውቅ ነበር። ኧረ በሕግ፣ ታውቅ ነበር፣ ሾላ በድፍን አድርገው ሲያኖሯት፣ እሁድ በመጣ ቁጥር ሲስቁ፣ ለእሷ ሲስቁላት፣ በእሷ ሲስቁባት።

ጋሼ፣ እርስዎስ?

ሾፌሩ ጋሼ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ይሰካሉ፣ እንደ ድሮ ትኬት ቆራጭ። ልጄ ይላሉ፣ የኔ ሰውዬ ሁለት ጊዜ የሞተው ለምን ይመስልሻል?

ይህ ነው የሚመታት። ሃያው አይደለም፣ ይህ ነው። ምክንያቱም አሁን ሒሳቡን ራሷ ትሠራዋለች፣ እሷም እኮ ሰው የሚችለውን ሸክም እየመጠነች ነው እንጀራዋን የምትበላው፣ አውሬው እሷን ካልነካ ውጊያው ይቀላል፣ ውጊያው ሲቀል ይሰለቻል፣ እንዳይሰለች እሱ በካልኩሌተሩ አውሬውን ያገዝፈዋል፣ ጥርስ ይጨምርለታል፣ ራስ ይጨምርለታል፣ የገዘፈው ጥርስ ታዲያ የት ይረፍ፣ ጋጋሪዋ እህቱ ናት፣ የቀረ ማን አለ፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፣ ጋሼ ናቸው የቀሩት። የመጀመሪያው ቀስተኛቸው አንካሳ ልጅ ነበር፣ መንደር ሆና የምትጠብቀው ታናሽ እህት ነበረችው፣ ሲሞት ጋሼ ሳምንት ሙሉ ስልክ አላነሱም፣ ሁለተኛው ፈዋሽ ነበር፣ ቁስል የሚያጥብ ሽማግሌ፣ የበረዶው ግዙፍ ካስነጠሰው በኋላ የረገጠው እሱን ነው፣ እና እሷ ያን ቀን፣ አፏን ምን ነካው፣ ጋሼ እርስዎ አቋቋም አያውቁበትም፣ እኔን አይተው ይማሩ ብላቸዋለች። እኔን አይተው! እሳቸውም እሺ ልጄ ብለው ነበር። እያወቁ። በእሷ ፋንታ ተረግጠው እሺ ልጄ።

ለምን አልነገሩኝም ጋሼ? እንዲህ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም ነበር፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው ይላሉ።

ሁሉም ደግ ነው። ይኸው ነው የሚያንገበግበው፣ ክፉ ቢሆኑ ትሰድባቸው ነበር፣ በር ወርውራ ትሄድ ነበር፣ ደግ ሰውን ምን ይሉታል፣ እንደ እንቁላል በጥጥ ጠቅልሎ የሚሸከምሽን ሰው አውርደኝ ብትይው ምስጋና ቢስ ይልሻል፣ ማን ነው እንቁላል ያላት፣ ማን ጠየቃቸው፣ ብቻዋን ቤት ተከራይታ፣ አምፖል ራሷ ቀይራ፣ የሰማንያ ኪሎ ሰው ክንዷ ላይ ተደግፎ ሲወድቅ ይዛ፣ ቡሽ አትችልም?

ለምን ትለዋለች፣ ለእሱ፣ ፊቱን እያየች፣ ካርቶኑ አሁንም እጇ ላይ ነው። እንድትቀሪ አልፈለግኩም ይላል። ከምን? ከዚህ፣ ጋሻ ያዧ ከሞተች እሁድ የምትመጪበት ምክንያት ያበቃል ብዬ ነው፣ አምስት ዓመት ሆናታል፣ ትወጃታለሽ፣ ካጣሻት ትሄጃለሽ። ስማ፣ ጋሼ ሁለቴ ሞተው መጥተዋል፣ ዝናብም ቢሆን መጥተዋል፣ ማን ሞቶ ማን ቀረ?

ሃያው ይቆጠር ትላለች።

ተይ። ይቆጠር! የቀሩት የሁለቱ ራሶችም ዳይስ ይጣል፣ እዚህ፣ በገሃድ፣ ሁሉም እያየ፣ ጋሼ ይጣሉት። እኔ? ጋሼ እጃቸውን ወደኋላ ይሰበስባሉ፣ እኔ አንቺ ላይ ዳይስ አልጥልም ልጄ፣ ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የተነከሱት፣ እርስዎ ይጣሉት፣ ፍርድ ነው። ሽማግሌው ያይዋታል፣ ረጅም ጊዜ፣ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ይሻገር አይሻገር እንደሚያጤን ሾፌር፣ ከዚያ ዳይሱን ያነሳሉ፣ በሁለት መዳፍ ይንጡታል፣ አስራ ስድስት፣ መታ። ደግመው፣ አስራ ዘጠኝ፣ መታ። ከሃያው ጋር ሦስት ምት፣ ሦስት አፍ፣ ያ ሁሉ በካልኩሌተር የገዘፈ ጥርስ፣ በጋሼ ላይ ሲያርፍ የኖረ፣ አሁን ወደ ባለቤቱ መጣ፣ እሱ ቁጥሩን ሲደምር ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ አይሰማም፣ መደመር አያስፈልገውም ነበር፣ አልቋል፣ ነጥቧ ዜሮ ሆኖ አልፎ ከዜሮ በታች ወርዷል፣ ጋሼ የናሱን ቁልፍ በጣታቸው ጫፍ ገፋ አድርገው ማስመሪያው ላይ በጀርባዋ ያስተኟታል።

ምድጃው ቢቀዘቅዝም የብረት ትሪዎቹ አሁንም ኳ ኳ ይላሉ፣ ብረት ሲበርድ እንዲህ ነው፣ ዳቦ ጋጋሪዋ የሚያስቅ ነገር ፈልጋ አፏን ከፍታ ትዘጋዋለች፣ ንገራት እንጂ ትለዋለች ወንድሟን፣ እንዴት እንደሞተች ንገራት፣ መሪው አይደለህም?

ይጀምራል። ጋሻ ያዧ ድልድዩ ላይ ትወድቃለች ይላል፣ ሕመም አይሰማትም፣ ነፋሱ ለስላሳ ነው፣ ወንዙ ከሥር ይዘምራል፣ ዓይኗን ቀስ ብላ ትከድናለች፣ በሰላም፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው…

እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው።

ይህን ቃል ታውቀዋለች፣ ቃል በቃል ታውቀዋለች፣ በዚሁ ድምፅ፣ በዚሁ ልስላሴ፣ በሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ፣ ከአባቷ ክፍል ወጥቶ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ እጇን ይዞ፣ አባትሽ በሰላም ነው ያለፉት፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው፣ ያኔ ገና ባሏ ነው፣ እሷ የሙያ ፈቃድ ፈተና ልትቀመጥ ሌላ ከተማ ሄዳ ነበር፣ በስልክ አባዬ እንዴት ነው ስትለው ደህና ናቸው፣ ትንሽ ሳል ነው፣ አንቺ ፈተናሽን አጥኚ ይላት ነበር፣ ሳል! ሐኪሞቹ እንደማይተርፉ ነግረውታል፣ እሱ ግን ሳል ይላል፣ እና ስትመጣ አባቷ አይናገርም፣ አያውቃትም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው፣ እጁ ሞቃት፣ ሰውየው የለም። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው አለ። ፈተናውን አለፈች። ትዳሩ ያን ቀን ነው የተፈታው፣ ፍርድ ቤቱ ቆይቶ ማኅተም አደረገበት እንጂ።

ተው ትላለች። አቁም። እንደዚያ አይሞትም። ታዲያ እንዴት? ሦስት ራስ ዘንዶ ነክሷት እንቅልፍ ይወስዳታል? በትክክል ንገረኝ። ምን ልበል? ያየኸውን!

ያየኸውን፣ ከአፏ አምልጦ ነው የወጣው፣ ስለ ዘንዶው አይደለም፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ስለ ዘንዶው እንዳልሆነ ያውቃል፣ ዳቦ ጋጋሪዋ እጇን አፏ ላይ ትጭናለች፣ ጋሼ አንገታቸውን ይደፋሉ። ካፈርኩ አይመልሰኝ እንግዲህ፣ አንዴ ከወጣ ወጣ። አባዬ እነዚያን ቀናት ምን አለ፣ ትለዋለች፣ ጠይቄህ አላውቅም፣ ብጠይቅህም ለስላሳውን ትሰጠኝ ነበር፣ አሁን እጠይቅሃለሁ፣ ካርቶኑ እኔ ጋ ነው፣ የምትደበቅበት የለህም።

እሱ ቡሹን ያያል፣ ከዚያ ማስመሪያውን፣ ከዚያ እሷን።

በየቀኑ ይጠይቁሽ ነበር ይላል። ድምፁ ያ የሚያምረው ድምፅ አይደለም፣ ደረቅ ነው፣ ሰው የሚናገርበት ድምፅ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላሉ፣ ነርሷ ስትሆን ይተኛሉ። ልጄስ ይላሉ፣ ሥራ በዝቶባት ነው እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ሥራ ከአባት ይበልጣል ወይ አሉኝ፣ ከዚያ መጠየቅ ተዉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ምግብም እንቢ አሉ።

ቀጥል።

አልቻልኩም፣ ነገርኳቸው፣ አታውቅም፣ እኔ ነኝ የደበቅኳት፣ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው አልኳቸው። ዞረው አዩኝ። እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም፣ ድምፅ አልነበራቸውም ግን ተቆጡ፣ አንተ ፈሪ አሉኝ፣ ልጄን መቼ አወቅካት፣ ትችለው ነበር እኮ፣ እሷ ትችለው ነበር፣ አሁኑኑ ጥራት አሉኝ። ያን ምሽት ነው ነይ ብዬ የደወልኩልሽ። ስትደርሺ አንደበታቸው ተዘግቶ ነበር። በሰላም አልሞቱም፣ እየጠበቁሽ ነው የሞቱት።

ትችለው ነበር።

ጆንያው ላይ ትቀመጣለች፣ ዱቄት ቡን ይላል፣ ደረሰ፣ ይኸው ደረሰ፣ ስንት ዓመት በትከሻዋ ላይ ሲዞር የኖረው ጥርስ ዛሬ አገኛት፣ ያማል፣ ማን አያምም አለ፣ አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ስንት ቀን፣ አንድ ቀን ቢሆንም አንድ ቀን፣ ናቀችኝ ብሎ፣ እና ከዚያ በኋላ፣ ከዚያ በኋላ ያ ድምፅ የሌለው ሽማግሌ ለእሷ ብሎ ተቆጣ፣ የመጨረሻ ትንፋሹን በቁጣ ላይ አዋለው፣ ያወቃት ሰው እሱ ነበር፣ ያንንም ነው የነጠቋት፣ ያንን! ለእኔ ብለህ አይደለም ቃሉን የደበቅከው ትለዋለች፣ እያለቀሰች ነው ግን ቃሏ አይደናቀፍም፣ ፈሪ ስላሉህ ነው የደበቅከው፣ ጥጡን የጠቀለልከው ራስህ ላይ ነው፣ እኔ መሐሉ ላይ ስለነበርኩ የእኔ መሰለኝ። እሱ አዎ ይላል። አዎ ብቻ። ግን የለ፣ እኮ የለ፣ እንዳትጨነቂ የለ። እንዲህ ያለ አዎ በትዳራቸው ውስጥ ሰምታ አታውቅም፣ ሰምታው ቢሆን፣ እንጃ፣ አሁን ምን ይሠራል፣ ይቅር አትለውም፣ ዛሬ አትለውም፣ ይቅርታም በግድ የሚሰጥ ነገር አይደለም፣ ግን ውሸቱን ስትሸከም የደነዘዘው ትከሻዋ አሁን ሲያማት ትከሻ እንዳላት ታውቃለች፣ የተኛ እግር ሲነቃ መጀመሪያ ይወጋል፣ ይህን እኮ በየቀኑ ለሰው ትናገራለች፣ ይወጋሃል፣ አትፍራው፣ ደም ነው።

ዳቦ ጋጋሪዋ ምራቴ ብላ እጇን ዘርግታ ትነሳለች፣ ቀልድ አላጣችም፣ ፊቷ ላይ ይታያል፣ አንዲት ትንሽ ቀልድ፣ እንባ የምትጠርግ። ተዪኝ እትዬ። ምንም አትበዪኝ፣ ላልቅስ፣ ሲያበቃ ያበቃል። እትዬም ትመለሳለች፣ ትቀመጣለች፣ የመጀመሪያዋ ነው ዝም ብላ ሰው ሲያለቅስ ስታይ፣ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ሁለቱንም ከጭኗ ሥር ትከታቸዋለች።

ትሄጃለሽ አይደል ይላል እሱ፣ ወደ ወረቀቶቹ አጎንብሶ።

መሄድ። በሩ እዚያ ነው፣ ካፖርቷ ሚስማሩ ላይ ነው፣ ደጅ እሁድ ነው፣ ሰዎች በመንገዱ ላይ ሕፃን በጋሪ እየገፉ ያልፋሉ፣ ትሄዳለች፣ በእርግጥ ትሄዳለች፣ ሲመሽ፣ ጨዋታው ሲያልቅ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ አሁን ግን ድልድዩ ላይ አንዲት ሴት ሞታለች፣ ከኋላዋ አንድ አስማተኛና አንድ የተነከሱ ቀስተኛ ቀርተዋል፣ ዘንዶው ሦስቱንም ራሱን ይዞ ቆሟል፣ የሞተ ሰው ተቀምጦ የመመልከት መብት አለው፣ ጋሼ ሁለት ጊዜ ተመልክተዋል።

ወንዙ አይዘምርም ትለዋለች፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ እንደ ሕፃን፣ ግድ የላትም። ጋሻዋ ተሰብሯል፣ ጮኻለች፣ ጩኸቷን ሰዎቹ ሰምተዋል፣ እንደዚያ አድርገህ ንገረው። እሱም ይነግረዋል፣ በደረቁ ድምፅ፣ ጋሻው ከመካከሉ ተሰነጠቀ፣ ጮኸች፣ እስከ መጨረሻው አልተኛችም፣ ሁለት እጇ የዘንዶውን መንጋጋ እንደያዘ ነው የሞተችው፣ ጋሼ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፣ ለምን እንዳወለቁት ራሳቸውም አያውቁትም፣ ጓዳው ውስጥ ማንም አይስቅም፣ እና ምንኛ ደስ ይላል፣ የማይሳቅበት ነገር፣ በመጨረሻ።

ዳይሱን ከፊቱ ታነሳለች፣ ጠረጴዛው መካከል ታስቀምጠዋለች፣ ሁሉም ዓይን በሚያየው ቦታ።

ቀጥል፣ ትላለች። ተራው የጋሼ ነው።